የሰማይ ከተማው ቀጥቃጭ

ቀጥቃጩ በገበያ ቀን የሠራውን ማረሻ ሸጦ ሲያበቃ፣ የእሳት ፍንጣሪ የበሳሳውን ካኪ ኮቱን እንደለበሰ ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው የስንዱ ቪዲዮ ቤት ይገባል። ያን ጊዜ አግዳሚ ወንበሩ ጭር ይላል። ቡዳ ነው እየተባለ ዓይኑ ስለሚፈራ፣ ሰው ቆሎውን ጋቢው ሥር ይሸጉጣል። ስንዱም እንደዚያው።

ባለፈው ቅዳሜ በፊልሙ ላይ፣ ሰማይ ላይ በተንሳፈፈ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ቀጥቃጭ ለጀግናው ተወርውሮ የሚመለስ ጦር ከኮከብ ብረት ቀጠቀጠ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ባለ ካኪ ኮቱ ሰውዬ ብድግ ብሎ ቴሌቪዥኑን ከልሎ ቆመ።

«ቁጭ በል!» አሉት ተመልካቾቹ።

«አልቀመጥም!» የሚፈሩትን ዓይኖቹን አፈጠጠባቸው። «ቀጥቃጭ ሰማይ ላይ ሲሆን ታጨበጭቡለታላችሁ፤ አጠገባችሁ ሲቀመጥ ቆሎ ትደብቁበታላችሁ!»

ስንዱ ቆሎዋን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ዓይን ዓይኑን እያየች ቆረጠመች።