የወንድሜ የፊት ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ቢጫ ሸራ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ በሸራው አልፋ ሰሃኑም ላይ፣ የሴቶቹ ነጭ ነጠላም ላይ፣ የራሴ እጅም ላይ ወርዳለች። ፀሐይ የመታው ሸራ ሽታ ከተረገጠው ሣር ጋር ተቀላቅሎ ያፍናል። እጄን ገልብጬ አየሁት፤ ቢጫ ነው። ሰዎቹ "ኧረ ብዪ እንጂ" ይሉኛል። ደከመኝ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ሰበብ አልነበረም። እንዲህ ያለ ብርሃን ውስጥ ስቀመጥ ዛሬም ይደክመኛል።

ከብዙ ዓመት በፊት ወንድሜ ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ፎቶ ቤት ነበረው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ላግዘው ብዬ ገባሁና እዚያው ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ከውጭ የረዳቶቹ "ዱራሜ! ሺንሺቾ የቀረ!" የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ውስጥ ደግሞ የማተሚያው ቀለምና የሞቀ ወረቀት ይሸታል። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ገበሬ፣ ለምርቃት የሚነሳ ተማሪ፣ ሁሉም እኛ ዘንድ ይመጣል። ወንድሜ እንደ ብዙ ፎቶ አንሺ ሰው አይቸኩልም ነበር። ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ለቀለም ነው።

"ዓይንሽን አትመኚው" ይለኝ ነበር። "ዓይን ይለምዳል። አምፖል ስር ያለ ሸሚዝ ቢጫ ሆኖ ሳለ ነጭ ነው ይልሻል፤ ቀድሞ ስለሚያውቀው። ካሜራው ግን ምንም አያውቅም። ነጩ የቱ እንደሆነ አንቺ ንገሪው።"

አንድ ነጭ ሲኒ ይዞ በር ላይ፣ ጥላ ውስጥ ያነሳዋል፤ ሲኒው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ አስገብቶ አምፖል ስር ያነሳዋል፤ ብርቱካን የተቀባ ይመስላል። ዋይት ባላንስ የሚባለውን ነገር የተማርኩት እንዲያ ነው።

አንድ እሑድ ሺንሺቾ ሠርግ ተጠራን። ድንኳኑ ቢጫ ነበር፤ ገና ከሩቅ ሲያየው "ዛሬ ሥራ አገኘን" ብሎ አጉረመረመ። ካሜራ የያዝነው ሁለታችንም ነን። ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ኬኩ ዘንድ ሲቆሙ ወንድሜ ከሙሽራዋ አጠገብ ካለች ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሠርግ ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እሱ ክንዱን ቀስ እያለ ያካል። እሱ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ስለሆነ ፎቶ የለውምና ዞር ብዬ አነሳሁት።

"ሥራሽን ሥሪ፣ እኔን ተዪኝ" አለ እየሳቀ።

በማግሥቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ፎቶዎቹን ማስተካከል ጀመርኩ። ሁሉም ሰው እርድ የተቀባ ይመስላል። የሙሽራዋን ቬሎ መርጬ "ይኼ ነጭ ነው" ብዬ ለማሽኑ ስነግረው የድንኳኑ ቢጫ ልክ መጋረጃ እንደተነሳ ሁሉ ለቀቀ። ሙሽራው ወደ ጠይምነቱ ተመለሰ፣ ሚዜዎቹ ተመለሱ፣ የኬኩም ክሬም ነጣ። ወንድሜ ግን አልተመለሰም። ፊቱ እንደዚያው ነው። የዓይኑን ነጭ አቅርቤ አየሁት፤ እሱም ቢጫ ነው።

"ና እስቲ ይኼን እየው" አልኩት።

"ድንኳኑ ነዋ።"

"ቬሎው እኮ ነጥቷል። ሙሽራዋ ደግሞ አጠገብህ ናት።"

እጁን ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁትና ከፎቶ ቤቱ ግድግዳ ጥላ ስር አቆምኩት። ነጭ ወረቀት ጉንጩ ዘንድ አስይዤ ደግሜ አነሳሁት። ወረቀቱ እንደ ወረቀት ወጣ። የካሜራዋን መስታወት አዙሬ ሳሳየው ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንኩት?" አለ።

አላውቅም ነበር። በየማታው እናቴ፣ ሚስቱና እኔ በዚያች በደከመች አምፖል ስር ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለን እራት እንበላለን። ምግብ ሲቀንስ ሥራ ነው ብለናል። ሲያሳክከው ቁንጫ ነው ብለናል። ፊቱን ደግሞ ዓይናችን ለምዶታል።

እናቴ በሐዲይኛ ተማረረችና ቀጥላ ሚስቱ እንድትሰማ በአማርኛ፣ "የወፍ በሽታ ነው። ሾኔ ከተማ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው አለ" አለች። ሚስቱ ያኔ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፤ ለእናቴ ቀና ብላ መልሳ አታውቅም። ያን ቀን ግን፣ "እማዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው" አለች። ሐኪም አየው። ሐኪሞቹም አዲስ አበባ ሄዶ እንዲታይ ጻፉለት።

ሲመለሱ መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ከአውቶቡሱ መጀመሪያ ሚስቱ ወረደች፤ ፊቷን አይቼ መጠየቁን ተውኩት። እሱ ቀስ ብሎ ወርዶ ኮቱን አራገፈ።

"የሐሞት መስመሩ ላይ ዕጢ ነው አሉ። ቆይቷል አሉ" አለኝ። ትንሽ ከተራመድን በኋላ ደግሞ፣ "የሺንሺቾዎቹ አልበም ወጣ?" ብሎ ጠየቀኝ። ወጥቷል አልኩት። ቬሎው አምሮ እንደሆን ጠየቀ። አምሯል አልኩት።

ልጅቷ ስትወለድ እሱ በጣም ከስቶ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስጠራኝና ከልጄ ጋር አንሺኝ አለ። አምፖሉን ራሱ አጠፋው። መጋረጃውን አስከፍቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠና ልጅቷን በነጭ ፎጣ እንደተጠቀለለች ደረቱ ላይ ያዛት። ከውጭ ዝናብ ያባራበት አፈር ይሸታል። ነጩን በፎጣው ለክቼ አነሳሁ።

ፎቶ ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ልጅቷ ቀይ ዳማ፣ ከንፈሯ ጽጌረዳ፣ ልክ እንደተወለደችው ናት። እሱን ግን ማየት ከበደኝ። ቢጫውን ቀነስኩት። እየቀነስኩ ስሄድ ወንድሜ ወደ ድሮው ፊቱ መጣ፤ ልጅቷ ግን ብርድ ያደረቃት ይመስል ሰማያዊ ሆነች። መለስኩት። ደግሞ ፊቱን ብቻ ነጥዬ አቀላሁት፤ ከሌላ ቀን ተቆርጦ የተለጠፈ ሰው መሰለ። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላስታውስም፤ ትከሻዬ ዝሎ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሄጄ ነገርኩት።

"ልጅቷ ትክክል ወጥታለች?" አለ።

"ትክክል ናት። አንተ ግን…"

"ተዪው እንግዲህ። እሷን እንዳትነኪብኝ።"

ልጅቷ ራሷን ችላ ሳትቀመጥ እሱ አረፈ። ፎቶ ቤቱን ጥቂት ጊዜ ይዤ ቆየሁና ዘጋሁት። አሁን እዚያ ቤት ውስጥ የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ እኔም ቢሮ ገብቼ የሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሰዉ ሁሉ ስልኩ ራሱ አስተካክሎ ያነሳለታል። ደግ ነው። እኔም ስለ ቀለም ማውራት ሰልችቶኛል።

ልጅቷ ግን በቁመት በልጣኛለች። ዕረፍቷን እኔ ዘንድ ልታሳልፍ መጥታ በቀደም ዕለት ግድግዳው ላይ ያለውን ያን ፎቶ ቆማ ስታየው ቆየች።

"አክስቴ፣ አባዬ እዚህ ላይ ፀሐይ ላይ ነበር አይደል የተቀመጠው?"

ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። "መስኮቱ አጠገብ ነበር" አልኳት።

"ታዲያ እኔ ላይ ለምን ፀሐይ የለም?"

ያጣጠፍኩትን ልብስ መልሼ ፈታሁት።

"እሱ ጋርዶሽ ነበር" አልኳት።