ወንፊት ያሳለፈው

ማንጠግቦሽ የማዳበሪያ ክምሩን በመንሽ ትገልጣለች። ከመሃሉ ያወጣችውን ብስባሽ ሸራ ላይ ዘርግታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ሲደርቅ ወንፊት ላይ አድርጋ ታንገዋልለዋለች። ከላይ የቀረውን የኩባያ ስባሪ በጣቷ ትለቅማለች፤ ጠርጋ ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለች። ኩባያው ክምሩ ውስጥ ሲገባ ከተመዘነው ላይ ይህ ይቀነስና ልዩነቱ «የበሰበሰ» ተብሎ ይመዘገባል።

ደብረ ማርቆስ ዳር ያለው የሴቶች ማኅበር የጭማቂ ቤቶችን ቆሻሻ እየሰበሰበ ማዳበሪያ ያመርታል። አምና ከበቆሎ የተሠራ ኩባያ መጣ። «ፕላስቲክ ይመስላል እንጂ አፈር ይሆናል» አሉ አምጪዎቹ፤ እውነት መሆኑን የመለካቱ ሥራም ለማኅበሩ ተሰጠ። ቴክኒክና ሙያ ገብታ እርሻ የተማረችው ማንጠግቦሽ ስለሆነች መለኪያው በእሷ እጅ ወደቀ። ከወንፊቱ በላይ የቀረው ጥቂት ነበር። ኩባያው በስብሷል ተባለ፤ ማዳበሪያውም ተሸጠ። ወንድሟ ደመላሽ ደብረ ኤልያስ ላለው የድንች ማሳው ወሰደ።

ክረምቱ ሲገባ ደመላሽ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ።

«እቴ፣ በረዶ ነው እንዴ የሸጥሽልኝ?» ብሎ ዘረገፈው። ጥፍር የማያክል ነጭ ስባሪ ነው።

«ከየት ለቀምከው ወንድም ጋሼ?»

«ጎርፉ ቦዩ ጫፍ ከምሮልኝ። ላሚቱም ከሣሩ ጋር ስትግጠው ደረስሁባት።»

ማንጠግቦሽ ከተዘጋጀው ማዳበሪያ ጥቂት ዘግና ውሃ ውስጥ በጠበጠችና በጥቁር ጨርቅ አጠለለችው። አፈሩ ታጥቦ ሲወርድ ጨርቁ ላይ ነጭ ፍንካች ብልጭ ብልጭ አለ። ኩባያው ደቀቀ እንጂ አልበሰበሰም። እንዲበሰብስ ክምሩ በደንብ መሞቅ ነበረበት፤ የሚያሞቀው ደግሞ እበት ነው። በዚህ ብርድ አገር እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል እንጂ ማን ክምር ላይ ይጥለዋል? በወንፊት ያለፈ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብም ከእህል የመጣ ልማድ ነው። ማንም አልጠረጠረም፤ እሷም።

የማኅበሩ ሰብሳቢ የኔአለም ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«በታዘዝሽው መንገድ ለካሽ፤ አለቀ። ማን ጠየቀሽ?»

«ላሚቱ ጠየቀችኝ።»

«ቀልጂ! ገበሬው ሁሉ ይመልስ ብንል ማኅበሩ ይዘጋል። ያኔ ቆሻሻ ስንለቅም ልንውል ነው።»

«አሁንስ ምን ስንለቅም ነው የምንውል?»

የኔአለም ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው። «እንግዲህ እንደ ልብሽ፤ እኔ ግን አልሰማሁም» ብላ ወጣች።

ማንጠግቦሽ እንቅልፍ አጥታለች። ማዳበሪያው የት የት ማሳ እንደደረሰ በትክክል የሚያውቅ የለም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡትን እንዲህ ትላችኋለች፦

«ከኛ ማዳበሪያ የወሰዳችሁ፣ ከረጢቱን ካልፈታችሁት አትፍቱት፤ መልሱልን። ከበተናችሁት ዝናቡ ሲያባራ የቦያችሁን ጫፍ እዩልኝ። ነጭ ነገር ካገኛችሁ ከብት ሳይደርስበት ልቀሙት። አታቃጥሉት፣ ገደልም አትጣሉት፤ አምጡልኝ። ልመዝነው ነው።»