ለሰባት እንግዳ የቀረበው ስልጆ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ላሊበላ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ታሪኩን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ማሰሮዋ ላይ ስደርስ ይስቁና የቀረውን አይሰሙኝም። እኔ ደግሞ ከልቤ ያልወጣው የቀረው ነው።

ባለቤቴ ትርንጎና እኔ ከተጋባን ስምንት ዓመት ልጅ አልነበረንም። ዘመድም ጎረቤትም “አሁንም የለም?” ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነበር። ጸበሉ የሷ፣ ሐኪም ቤቱ የሷ፣ ሐሜቱም የሷ። በመጨረሻ ተሳለች። “ልጅ ብትሰጠኝ፣ በገና ሰሞን በእግራቸው የመጡ ሰባት እንግዶች ቤቴ አስገብቼ በእጄ አጎርሳለሁ” አለች። ዓመት ሳይሞላ አረገዘች።

የምትወልደው ጥር መጨረሻ ላይ ነው ተብሎ ስለነበር ለገና አትሰጋም ነበር። ሆዷ ገፍቶ እሳት ዳር መቆም ስለከበዳት ግን አስቀድማ ቀላል ቀላሉን መረጠች። ስልጆውን ከሳምንት በፊት ጣለች፤ የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት፣ እንስራ ውስጥ ይብላላ ነበር። ተልባውን ቆልታ ፈጭታ በጣሳ አስቀመጠች። ትርፍ ሰናፍጭ በጠርሙስ አለ። “እንግዳ ሲመጣ ማውጣትና ማቅረብ ብቻ ነው” ትላለች። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም። እናቴ ወንድ ልጅ ማጀት ሲገባ ካየች የምታባርር ሴት ነበረች፤ እኔም ስባረር ደስ ብሎኝ የምወጣ ልጅ ነበርኩ።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው የትርንጎ ፊትና እጅ አበጠ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ አሁኑኑ ወልድያ ትሂድ ተባለ። አምቡላንሱ የሚያስገባው አንድ አስታማሚ ስለነበር እናቷ ተሳፈሩ። እኔ በባጃጅ እከተላለሁ እያልኩ ስንተባተብ ትርንጎ እጄን ያዘች።

“ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል” አለችኝ። “ስለቴ ሳይደርስ ቀርቶ በልጄ ላይ እንዲመጣ ነው የምትፈልገው?”

ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄባት ነበር። ሚስቴ በሞትና በሕይወት መካከል ሆና እኔ ስልጆ ልጠብቅ?

በማግሥቱ ጠዋት ደወለች። በመድኃኒት ምጥ እንዳመጡላትና ድምጿም እንደደከመ ገብቶኛል፤ የምታወራው ግን ስለ ምስር ነው። ምስሩን ቀቅል። ስልጆውን ከእንስራው አውጣና በማንኪያ ደህና አድርገህ ምታው። ነጭ ሽንኩርት ጨምርበት። ሰናፍጩን በልክ አድርግ። ከዚያ በጥሩ ዕቃ አድርገህ... ስትል ኔትወርኩ ሄደ። በገና ሰሞን ያ ሁሉ ሕዝብ ከነስልኩ ሲገባ ላሊበላ ውስጥ ስልክ ማግኘት ዕድል ነው። ደጋግሜ ብሞክርም እምቢ አለኝ።

ምስሩን ቀቀልኩ። ሽንኩርት ስልጥ ጎረቤታችን በበር ብቅ ብላ አየችኝና ሳቋን ዋጠች። “እንጀራውና ዳቦው በእኔ ይሁን፣ አብሽር” ብላኝ ሄደች።

ጥሩ ዕቃ ፍለጋ ማጀቱን በረበርኩት። ቆጡ ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች ባለ ክዳን ጥቁር ማሰሮ አገኘሁ። እንዲህ በክብር የተጠቀለለች ለዚህ ቀን ካልሆነ ለምን ትሆናለች አልኩ። ከፍቼ ሳሸታት ኮሰረት ኮሰረት ትላለች። ሚስቴ ለእንግዶቿ ያጠነቻት መሰለኝ። ስልጆውን ገለበጥኩባት፤ እጄ እስኪዝል መታሁት። አረፋ ሲያወጣ ደስ አለኝ። ምስሩን አዚፋ ለማድረግ ግን ጊዜ አጠረኝ፤ በድስቱ እንዳለ ትቼው ወጣሁ።

ለገና በእግራቸው መጥተው ከገበያው በታች ካረፉት መንገደኞች ሰባት ሰው ለምኜ በሦስት ዙር በባጃጄ አመጣሁ። ሁለቱን አልረሳቸውም። አንዷ ከጎጃም የመጡ እማሆይ ናቸው፤ አሥራ ምናምን ቀን በእግራቸው ተጉዘዋል። ሌላው ከዋግ የመጡ አያ ይመር የሚባሉ ኮስታራ ሽማግሌ ናቸው። እግራቸውን አጠብኩ። ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ናቸውና ሰዓቱ እስኪደርስ ተቀምጠን ጠበቅን። ሲደርስ አያ ይመር ጸሎት አደረሱ፤ ማሰሮዋን መሀል አድርጌ ከፈትኩ።

ሁለት ሦስት ጊዜ እንደጎረሱ ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናቸው። “ሴት ልጅ!” አሉ። “ሁለቱም ደህና ናቸው።” በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ለእንግዶቹ ስነግራቸው ሴቶቹ በእልልታ ቤቱን አናጉት። ለሴት ልጅ ሦስት እልልታ ነው የሚባለው፤ እነሱ ግን ሰባት አደረሱት።

ትርንጎ ስልኩን ተቀበለች። እኔ የማለቅሰውን እያለቀስኩ፣ እሷ በዚያ በደከመ ድምጿ፣ “ስልጆውን በምን አቀረብከው?” አለችኝ።

“በዚያች በጨርቅ በጠቀለልሻት ማሰሮ።”

“የቅቤዋን?” አለች። ስልኩ ተቋረጠ።

ክው አልኩ። ጾሙ ሲገባ የፍስክ ዕቃዋን ጠቅልላ ከመንገድ ያስወገደችው ኖሯል። ኮሰረቱም የቅቤው ማጣፈጫ ነበር፤ ሸክላ ደግሞ ቢታጠብም ቅቤውን አይለቅም። ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ያን ሁሉ ቀን የጾሙና ያን ሁሉ አገር በእግራቸው ያቋረጡ ሰዎች የኔን ቅቤ እየበሉ ነው። በዚያ ላይ ገና እልልታቸውን አልጨረሱም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሰናፍጩ ከባድ ስለሆነ ሽታው ሸፍኖታል። ግን አሁን በተወለደችው ልጅ ላይ በውሸት የተከፈለ ስለት ምን ያመጣባታል ብዬ ፈራሁ። ቆምኩ።

“ይቅር በሉኝ” አልኩ። “ማሰሮዋ የቅቤ ናት። ሳላውቅ ነው።”

አያ ይመር የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ፤ ተነሥተው አፋቸውን ሊጉመጠመጡ ወደ ደጅ ወጡ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንገቴን ደፍቼ የስለቱን ነገር ተናገርኩ። የማን ስለት እንደሆነ፣ በማን እጅ መጉረስ እንደነበረባቸው፣ እሷ ወልድያ ተኝታ እኔ እንዴት እንዳበላሸሁት ሁሉንም ነገርኳቸው።

እማሆይ አዩኝ። “እያወቅህ ነው ያደረግኸው?”

“አይደለም፣ እማሆይ።”

“እኛስ እያወቅን ነው የበላነው?”

“አይደለም።”

“እንግዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል? እኛ ስግደታችንን እንጨምራለን። አውቀህ ደብቀኸን ቢሆን ነበር የሚከፋው።” ነጠላቸውን አደገደጉና ተነሡ። “ይልቅ ሌላ ምን አለህ?”

የተቀቀለ ምስር አለ። ተልባ አለ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ አለ። እማሆይ ማጀቴ ገቡ። አንዷ ቃሪያ ትከትፋለች፣ አንዷ ሎሚ ትጨምቃለች። ምስሩ ደቀቅ ተደርጎ ከጠርሙሱ ሰናፍጭ ሲጨመርበት አዚፋ ሆነ። ተልባውን በውሃና በማር በጠበጡት። ቲማቲሙን ከቃሪያው ጋር በሎሚ አሽተው በዳቦ ላይ አደረጉት። እንግዶቼ እንግድነታቸውን ትተው የኔን ቤት ድግስ ደገሱ፤ ለራሳቸው። አያ ይመር ከደጅ ሲመለሱ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ጎንበስ እያሉ “ይችስ?” ይሉ ጀመር። “ይችስ የምንድን ናት?” ሦስተኛው ሳህን ላይ እሳቸውም መሳቃቸውን መደበቅ አቃታቸው።

ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ማንም አልጎረሰም። እማሆይን ጠበቁ፤ እማሆይ እኔን ጠበቁ።

“በእጇ አይደል የተሳለችው?” አሉኝ።

“እጇ ወልድያ ነው፣ እማሆይ።”

“አንድ አካል ናችሁ ተብላችሁ አልነበረም የተጋባችሁት? በል አምጣ።”

እጄን አየሁት። በሳሙና ሁለቴ ታጥቤም የባጃጁ ግራሶ ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። በዚያ እጄ ጠቅልዬ አንድ በአንድ አጎረስኳቸው። አያ ይመር ሁለተኛ ካልደገምክ ጠብ ነው ብለው ደገሙ። ስድስቱን ጨርሼ እማሆይ ጋ ስደርስ አፋቸውን አልከፈቱልኝም። ጉርሻውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

“እሷ ይህን ተሳለች” አሉኝ ቀስ ብለው። “አንተስ? አንተ ምን ብለህ ተስለህ ነበር?”

በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጅ አትፈልግም ወይ፣ ከፍቶሃል ወይ፣ ታለቅሳለህ ወይ ያለኝ የለም። እኔም ለራሴ ብዬው አላውቅም። ባጃጅ እነዳለሁ፣ እስቃለሁ፣ ቤት ገብቼ እተኛለሁ።

“ምንም አልተሳልኩም” አልኳቸው። “ብለምንና ባይሰጠኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር።” በሰባት እንግዳ ፊት እንደ ልጅ አለቀስኩ። እማሆይ ጉርሻውን የያዘውን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉትና ጎረሱ። ከዚያም ለልጅቷ፣ ለእናቷና ለእኔ ስማችንን እየጠሩ መረቁን። ስሜን የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው።

ትርንጎ ከአሥር ቀን በኋላ ልጃችንን ታቅፋ ገባች። የማሰሮዋን ነገር ስነግራት የወሊድ ቁስሏ እስኪያማት ሳቀች። የእማሆይን ጥያቄ ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች። የልጅቷን መጠቅለያ እያስተካከለች፣ “እኔም እኮ አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም” አለችኝ።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ስልጆው አይደለም። ስምንት ዓመት አጠገቧ ተኝቼ፣ እኔም እንደፈራሁ አንድ ቀን እንኳ ሳልነግራት መኖሬ ነው። አሁን እነግራታለሁ። ልጅቷን ሲያተኩሳት፣ ሲያስላት፣ “ፈራሁ” እላታለሁ። እሷም “እኔም” ትለኛለች። ከዚያ ተራ በተራ እናቅፋታለን።