ባለ ሁለት ጌታው ባና

የሞላሌው ሸማኔ አቶ ወልደ አማኑኤል አሮጌ ሹራብ ሲጣል ማየት አይወዱም ነበር። ተርትረው፣ ክሩን ከበግ ጸጉር ፈትል ጋር አብረው ይሸምኑታል። በደርግ ዘመን ለእርጅናቸው ብለው የሠሩት ጥቁር ባና፣ ወፍራም የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ፣ ቀይ ጥለት ያገኘው እንዲሁ ነው። ኮከቤ የምትባል ጎረቤት፣ «ለመወልወያም አይሆን፣ ይውሰዱት» ብላ የሰጠቻቸውን ቀዳዳ ቀይ ሹራብ ተርትረው ነው።

ሹራቡ ግን የኮከቤ ባል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አስፋው፣ በመንግሥት የተሸለመው ኖሯል። የአውራጃ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ለብሶት ሊቀበላቸው ፈለገና አጣው፤ ኮከቤም ለማን እንደሰጠችው ነገረችው።

«አባባ፣ ሽልማቴን ይመልሱ!» አለ ሸማኔው ደጅ ቆሞ።

«ቀዩን መዝዘህ ውሰዳ! ባናዬን ግን አልሰጥም። በዚህ ውርጭ ያለ እሱ አላድርም።»

አስፋው ቢጎትት ክሩ አልመዘዝ አለ። ባና ተሸምኖ ካበቃ በኋላ በሙቅ ውኃ በእግር ስለሚረገጥ፣ ክሩ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሽማግሌዎች ተጠሩና፣ «ቀዩ የአስፋው፣ ጥቁሩ የወልደ አማኑኤል። የመንግሥት ሽልማት ስላለበት መቀስ አይነካውም» ብለው ፈረዱ።

በማግስቱ እንግዶቹ ሲመጡ ሁለቱ አንድ ባና ተከናንበው ከስብሰባው መድረክ ላይ ተቀመጡ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ የእንግዶቹ አለቃ።

«ቀዩ ሽልማቴ ነው፣ ጓድ» አለ አስፋው። «ጥቁሩ የእሳቸው ነው።»

መፈክር ሲጀመር አስፋው ተነሥቶ ግራ እጁን ወደ ላይ ወረወረ። ባናው ተገለጠ። ሸማኔው ጎትተው አስቀመጡት።

«እጅህን አስገባ፣ ልጄ! ብርድ ለቀቅህብን እኮ!»

አስፋውም በርዶት ነበርና እጁን አስገባ። የቀረውን መፈክር ከባናው ውስጥ ሆኖ ጨረሰው።