ያልተሳለው ኮረብታ

ወሰንየለሽ በደብረ ማርቆሱ የጣሊያን ምሽግ ቢሮ ስትጠርግ፣ ሽማግሌው ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ካርታ ይስላሉ። አዛዡ ለአለቆቹ ከሚልከው ሪፖርት ጋር የሚያያዝ፣ ዓይን የሚስብ ካርታ ይፈልጋል፤ ለቀለም ግን ሰባራ ሳንቲም አያወጣም። ስለዚህ ሽማግሌው ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት፣ ቀዩን ከወንዝ ዳር አፈር ራሳቸው ይበጠብጣሉ። ብሩሻቸው የፍየል ጠጉር ነው። ጣታቸውን የሚጠርጉበት የጋቢያቸው ጫፍ ደም የነካው ይመስላል።

ድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበሩ፣ አገር ሲስሉ ከደብሩ ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ጉልላቱን፣ ቀጥሎ ዛፎቹን፣ ከዚያ በዙሪያው ያሉትን ጎጆዎች አንድ በአንድ። አዛዡ የወደደላቸውም ይህንኑ ነው።

ዛሬ ግን ካርታው ላይ ከአምበር ከተማ በላይ ያለውን ኮረብታ ባዶውን ትተውት አየች። ተወልደው ያደጉት እዚያ እንደሆነ ታውቃለች።

«የኔታ፣ የራስዎን አገር ረሱት እንዴ?»

ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነከሩና ውኃው ሲቀላ አዩ።

«አልረሳሁትም፣ ልጄ። አምና አንድ ጎጆ ሳላስቀር ስዬላቸው ነበር። አውሮፕላኖቹም አንድ ጎጆ አላስቀሩም።»