እንደ ግመል የተመረጠው ላፕቶፕ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ በነበረው የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ቀኑን የማልረሳው ላፕቶፕ ስለገዛሁበት ብቻ አይደለም። በሕይወቴ ሰው ፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀን ስቄም አላውቅም። ሁለቱም የሆኑት በአንድ ሱቅ ውስጥ፣ በሁለት ሰዓት ልዩነት ነው።

የምኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙም በማይርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ወላጆቼ ያሉት ሐኪም ጋራ ሰፈር ነው። የምሠራው ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሲሆን ኮምፒውተር ሲበላሽም የምጠግነው እኔ ነኝ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ብዙ አላወራም። የምወደው ነገር አንድ ነው፤ የመኪና ውድድር ጌም።

ለጌም የሚሆን ላፕቶፕ ለመግዛት ሁለት ዓመት ከአራት ወር አጠራቀምኩ። ክፍሌ ከአልጋዬ ሌላ ጠረጴዛ አትይዝም፤ መብራቱም ሄድ መጣ ስለሚል ዴስክቶፕ አይሆነኝም ነበር። እናቴ ስትሰማ «ይኼን ሁሉ ብር ለመጫወቻ?» አለችኝ። ጌም መሥራትም እማርበታለሁ አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግን የመጀመሪያው ምክንያት እሱ አልነበረም።

በእጄ የነበረው ሰባ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። በዚያ ዋጋ አዲስ አይታሰብም፤ ያገለገለ ነው የምገዛው። ያገለገለ ዕቃ ደግሞ አንዴ ከሱቅ ከወጣ የሚመልሰው የለም። ከተሳሳትኩ ሌላ ሁለት ዓመት መጠበቄ ነው። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ ሃያ ሦስት ጥያቄዎች ጻፍኩ። ግራፊክስ ካርዱ የትኛው ነው? ራሙ ስንት ነው፣ ይጨመርበታል? ባትሪው ምን ያህል ደክሟል? ስክሪኑ ላይ የሞተ ነጥብ አለ? ማጠፊያው ይላላል? እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል አከራዬ አዩኝ። ሐጂ ሙሜ ይባላሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ባቢሌ ገበያ የግመል ደላላ ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤት ይውላሉ። የእኔ ስም ዮናስ ነው፤ እሳቸው ግን ዩኑስ ይሉኛል።

«ዩኑስ፣ ዛሬ ምን ሆነሃል? ሦስቴ ወጥተህ ሦስቴ ተመለስክ።»

«ኮምፒውተር ልገዛ ነው ሐጂ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ብቻህን!» አሉና ከመደቡ ተነሡ። «አንተ ሽንኩርት እንኳ የተጠየቅከውን ከፍለህ ነው የምትመጣው። ጊደር መጋላ ገበያ ያሉት ሴቶች ከሩቅ ሲያዩህ ዋጋ ይጨምራሉ። ቆይ፣ ፎጣዬን ላምጣ።»

ደነገጥኩ። «ሐጂ፣ ይኼ እኮ ግመል አይደለም።»

«ይሸጣል?»

«አዎ።»

«የሚሸጥልህ ሰው ስለ ዕቃው ከአንተ በላይ ያውቃል?»

«ሊያውቅ ይችላል።»

«በቃ፣ ግመል ነው» አሉና ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቀደሙኝ።

ሱቁ ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው። በባጃጅ ሄድን። ሐጂ ደረጃውን በዱላቸው እየተደገፉ፣ በየሦስት እርምጃው «ያ አላህ» እያሉ ወጡ። በዚያ ፎቅ ላይ የሚሠሩ ብዙ ልጆች ያውቁኛል። ሽርጥ የለበሱና ዱላ የያዙ ሽማግሌ አስከትዬ ጌም ላፕቶፕ ልገዛ ስመጣ ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አንገቴን ደፍቼ ነው የገባሁት።

ባለሱቁ አብዲ ይባላል። የጅግጅጋ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ለሐጂ ወንበር ሰጣቸውና በእኔ አቅም ዙሪያ ያሉ ሁለት ላፕቶፖች አወጣ።

አንደኛው ብርማ ነው። ቀጭን፣ ቀላል፣ ኪቦርዱ በቀይ መብራት የሚበራ። የግራፊክስ ካርዱ ስም እኔ ለወራት በስልኬ ሳነበው የከረምኩት ነው። ሁለተኛው ጥቁርና ወፍራም ነው። አንድ ጥጉ ተፍቋል፣ ቻርጀሩ ጡብ ያህላል፣ ካርዱም አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ራሙም የብርማው ግማሽ ነው።

ደብተሬን አውጥቼ ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠበቁኝ። በሁለቱም ላይ የመኪና ውድድሬን ከሐርድ ዲስክ ጭኜ አምስት አምስት ደቂቃ ከፈትኩት። ብርማው ከሃያ ሦስቱ ሃያ አንዱን አለፈ፤ ጥቁሩ አሥራ ስድስቱን። ለእኔ ነገሩ ያለቀ ነበር።

«ብርማው ነው» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«አስሮጥከው?»

አብዲ ፈገግ አለ። «ሐጂ፣ አስነሥቶታል እኮ። ይሠራል።»

«መነሣትማ ይነሣል ልጄ። ግመልም ከተኛበት ሲነሣ ያምራል። እኔ የማየው ተጭኖ ሲሄድ ነው። የዚህ ጭነቱ ምንድን ነው?»

ከጎን ያለው ሱቅ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሌሎች ሁለት ደንበኞችም ሳቁ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

«ጭነቱ ጌሙ ነው ሐጂ» አልኩ። «ከፍቼዋለሁ።»

«ቤት ስትገባ ስንት ሰዓት ነው የምትጫወተው?»

«ሁለት ሰዓት...» አልኩና እውነቱን ጨመርኩ፤ «አንዳንዴ ሦስት።»

«ታዲያ አምስት ደቂቃው ምን ነገረህ?»

ደብተሬን ገልጬ እንደገና አነበብኩት። ሃያ ሦስቱም ጥያቄዎች ማሽኑ ምን እንዳለው የሚጠይቁ ነበሩ። ሥራ ሲበዛበት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚጠይቅ አንድም አልነበረም። ቀጫጭን ላፕቶፖች እንደሚግሉ ደግሞ አንብቤያለሁ፤ አውቀዋለሁ። ቀዩ መብራትና የካርዱ ስም አስረስተውኛል።

አብዲም ነገሩ ሳበው መሰለኝ፤ «ይሩጡ!» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። ሁለቱንም ቻርጀር ላይ ሰካን። አንድ ዓይነት ጌም፣ አንድ ዓይነት መንገድ፣ አንድ ዓይነት የምስል ጥራት አደረግሁ። በስክሪኑ ጥግ ላይ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚወጣ የሚቆጥር ቁጥር አለ፤ እሱን ከፈትኩ። ብርማውን እኔ፣ ጥቁሩን የጎን ሱቋ ልጅ ያዝን።

ብርማው ሰባ አራት፣ ጥቁሩ ስልሳ አንድ።

«አየህ!» አለ ከደንበኞቹ አንዱ። «ብርማው ይበልጣል።»

ሐጂ ስክሪኑን ዞረውም አላዩ። ተነሥተው መዳፋቸውን አንዴ በዚህኛው፣ አንዴ በዚያኛው ሥር እየሰደዱ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ብርማው ጋ መዳፋቸው ቀረ።

«ዩኑስ፣ ይኼኛው ትኩሳት ይዞታል።»

ቁጥሩን አየሁ። ሰባ ሁለት። ብዙም አልወረደም፤ መንዳቴን ቀጠልኩ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሃምሳ ገባ። ከዚያ ሠላሳ አምስት። ከዚያ ሃያ ሦስት። መኪናዬ መሄዱን ትታ መዝለል ጀመረች። መታጠፊያው ላይ መሪውን አዞርኩ፣ እሷ ግን የታጠፈችው ግንቡን ከመታች በኋላ ነው። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ጥቁሩ ላይ አየሁ። ስልሳ አንድ። ስልሳ። ስልሳ አንድ።

«ይኼ ግን ይጮኻል» አለ አብዲ። እውነቱን ነው፤ የማራገቢያው ድምፅ የወፍጮ ቤት ይመስል ነበር።

«ይጩህ!» አሉ ሐጂ። «የሚጮኸው ስለሚተነፍስ ነው። ያኛው ትንፋሹን ውጦ ዝም ያለው ለመሞት ነው።»

አብዲ ብርማውን ነክቶ እጁን ቶሎ አነሣ። «ወላሂ እኔም አላወቅኩም። ሲመጣ አብርቼ አጠፋዋለሁ እንጂ ይህን ያህል የሚያስሮጠው አልገጠመኝም።» ብርማውን ከፍቶ እንዳጸዳውና እንደሚግል ለገዢው ነግሮ ለቢሮ ሥራ እንደሸጠው ሌላ ቀን አጫውቶኛል።

አሁን የቀረው ዋጋ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይኼኛው ነው። አብዲ ለጥቁሩ ሰባ አራት ሺህ አለ። እኔ ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር ያለኝን በሙሉ ልሰጠው አፌን ስከፍት ሐጂ እጄን ያዙኝ። ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለታችን እጅ ላይ ጣል አደረጉት።

በእኛ አካባቢ የግመል ገበያ ዋጋ አይጮኽም። ገዢና ሻጭ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ይነጋገራሉ። አንድ ጣት ቢያዝ አሥር ሺህ ሊሆን ይችላል፤ አምስቱ አብረው ቢያዙ ሃምሳ። የቆመው ሰው ሁሉ ያያል፣ ማንም ግን አይሰማም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ራሴ ሳደርገው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ያለህን በጣትህ ንገረኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

አምስት ጣታቸውን ያዝኩ፤ ሁለት ጨመርኩ። ሰባ ሺህ። ለቅቄ ሁለት ጣት ያዝኩ። ሁለት ሺህ። እንደገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም፤ አምስት መቶው ቀርቷል። እንደገና አምስቱን ጣት ያዝኩ። ሐጂ ግራ ተጋብተው ዓይኔን አዩኝ። ሌላ ሃምሳ ሺህ የጨመርኩ መስሏቸው ነው። ስላልገባቸው አሁንም አጥብቄ ያዝኩ። ቆይቶ ገባቸውና መሳቅ ጀመሩ፤ ዱላቸውን እስኪጥሉ ሳቁ።

«ያ ዩኑስ! ሽርፍራፊውን ተወው! ግመል በሽርፍራፊ አይሸጥም!»

ምን እንደተባለ ማንም አላወቀም፤ የሐጂ ሳቅ ግን ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ። ሳይታወቀኝ ያሳፈረኝ ነገር ሁሉ ጠፍቶ ነበር። አንድም ቃል ሳልናገር ያለኝን በሙሉ ተናግሬያለሁ፤ እንደ እኔ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ የገበያ ዘዴ ማን ይፈጥራል?

ከዚያ ሐጂ ፎጣውን ወደ አብዲ ዘረጉ። አብዲ ፎጣውን አየ፣ ሐጂን አየ፣ ፊቱ በራ።

«አባቴ እኮ ግመል ነጋዴ ነው!» አለና እጁን ከሥሩ ሰደደ።

የሚታየው ፎጣው ሥር የሚንቀሳቀሰው እጅና የሁለቱ ፊት ብቻ ነው። አብዲ ቅንድቡን አነሣ። ሐጂ ጣሪያውን አዩ። አብዲ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ሐጂ እጃቸውን ሊያወጡ ሲሉ አብዲ መልሶ ያዛቸው።

«ጮክ ብላችሁ አውሩ እንጂ!» አለ አንዱ ደንበኛ።

«ዝም በል፣ እያወሩ እኮ ነው» አለችው የጎን ሱቋ ልጅ።

በመጨረሻ አብዲ እጁን አውጥቶ የተቃጠለ ይመስል አራገበው። «ሐጂ፣ ጣቴን ቢሰብሩት ይሻለኝ ነበር፤ ትርፌን ሰበሩት!»

«አላህ ይባርክልህ፤ አሁንም አትርፈሃል» አሉት። እሱም ሳቀ፤ አልካደም።

ስንት እንደተስማሙ እዚህ አልጽፍም። ፎጣ ሥር የተባለ ነገር እዚያው ይቀራል። ግን ከያዝኩት ተርፎ ራሙን እጥፍ ለማድረግ በቅቶኛል፤ ለመልሱ ባጃጅም እኔ ከፈልኩ።

ግቢ ስንደርስ ሐጂ መደባቸው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። «ድለላዬስ?»

በጣም አፈርኩ። ደላላ ክፍያ እንዳለው እንዴት አላሰብኩም? ቶሎ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ብርህን ያዝ። አንድ ጊዜ ልንዳው።»

ላፕቶፑን ፊታቸው አድርጌ የትኛው ቁልፍ ወደፊት፣ የትኛው ወደ ጎን እንደሚወስድ አሳየኋቸው። ጫት የሚቅሙበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ እሱንም ተዉት። ውድድሩ ተጀመረ፣ ሌሎቹ መኪኖች ተፈተለኩ። ሐጂ በእግረኛ ፍጥነት ተከተሉ። ትንሽ ሄደው ዞሩና በመጡበት ተመለሱ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«መንገድ ተሳስተዋል፣ ይመለሱ ይላል ሐጂ።»

«ማን ነው እሱ? መንገዱን ያውቃሉ በለው።»

አንድ ሰፊ አረንጓዴ መስክ ጋ ሲደርሱ መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ብዙ አዩ።

«ሱብሐነላህ! ይኼ ሁሉ ሣርና አንድ ከብት የለበትም? የማን አገር ነው ይኼ?»

አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ነዱ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የማየው የስክሪኑን ጥግ ነበር። ስልሳ አንድ። ስልሳ። ስልሳ አንድ። አንዴም አልወረደም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያጠራቀምኩት በከንቱ እንዳልሄደ በእርግጠኝነት ያወቅኩት ያኔ ነው።

አሁን አንድ ዓመት አልፏል። ላፕቶፑ እንደጮኸ አለ፣ እንደጸናም አለ። ጌም መሥራቱንም ጀምሬያለሁ፤ እናቴ መጥታ አይታ «እሺ» ብላለች። ላፕቶፕ የሚገዙ ጓደኞቼ አብሬያቸው እንድሄድ ይጠሩኛል፤ ግማሽ ሰዓት ሳላስሮጥ እሺ አልልም። ከሐጂ ጋር ያን ደረጃ ስወጣ አንገቴን መድፋቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬን በዱላቸው ያንኳኳሉ። እስካሁን አንድም ውድድር አልጨረሱም። እኔ ፍጥነት የምወድ ሰው ነኝ፤ ከሳምንቱ ሁሉ የምጠብቀው ግን ያቺን በዝግታ የምትሄድ መኪና ነው።