ደምሴ የሚባል ልጅ

አቶ ክፍሌ አምስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሬጅስትራር ሆነው ሠርተዋል። ዘመን ሲለወጥ ያዩት በየመስከረሙ ከሚጽፉት ስም ላይ ነው። በጀመሩ ሰሞን አንድ ክፍል ውስጥ አራት ደምሴ ይገኝ ስለነበር መምህራኑ «ደምሴ ትልቁ»፣ «ደምሴ ቀዩ» እያሉ ይለዩዋቸው ነበር። ቆይቶ ዳዊትና ሳምሶን በዙ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ መዝገቡን ናኦልና ያቤፅ ሞሉት።

ደምሴ የታላቅ ወንድማቸው ስም ነው። በ1970 ለዘመቻ ሄዶ ቀረ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ አላገባም፣ አልወለደም። ልጅ ቢኖረው ስሙ ከልጁ ስም ቀጥሎ ይጻፍ ነበር፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ጥቂት ይቆያል። እሱ ግን ከማንም ስም ኋላ የለም። ይህ ነገር እናታቸውን እማማ አባይነሽን ሲከነክናቸው ኖረ። ሊሞቱ ሲሉ የአቶ ክፍሌን እጅ ይዘው፣ «አንድ ወንድ ልጅ በስሙ ጥራልኝ» አሏቸው።

እሺ አሉ። እግዜር ግን ሦስት ሴቶች ሰጣቸው። ትልልቆቹ ልጆቻቸውም የወለዱት ሴት ሴት ነው። ባለፈው ጥቅምት የመጨረሻዋ ናዝራዊት ወንድ ተገላገለች።

በማግስቱ ጠዋት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ማኪያቶ ለምትሸጥላቸው ለምብራት ሐሳባቸውን ነገሯት።

«ደምሴ?» አለች ባንኮኒውን እየወለወለች። «ጋሽ ክፍሌ፣ ልጁን ገና ሳይድህ ጡረታ ሊያስወጡት ነው?»

ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ።

«አባዬ፣ ያቤፅ ብለነው ጨርሰናል እኮ» አለች ናዝራዊት ሕፃኑን እያጠባች።

«ለእናቴ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ያን ተማሪ አስታወስከው? ስሙ ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ ብድግ እያለ ‹ጋሼ ደምሴ፣ ይቀመጡ› የሚሉትን? አንተ ነህ የነገርከን። እራት ላይ በሳቅ ሞተን ነበር።»

አቶ ክፍሌ ያን ቀን እራት ላይ ያልነገሯቸው ነገርም ነበር። ልጁ ሲያለቅስ አይተው እናቱን አስጠርተው፣ «ቀለል ያለ ስም ብታወጡለት» ብለው የመከሯት እሳቸው ናቸው። በዓመቱ ናትናኤል ሆኖ መጣ። የድሮውን ስም ከመዝገቡ የሰረዙትም እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ደምሴ የሚባል አልተመዘገበም።

አማቻቸው ጥበብ አዘነላቸው መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እቤት ውስጥ ደምሴ ይበሉት» አለ።

«እኔ ስሞትስ?» ሊሉ ነበር። ጨቅላ በተወለደበት ቤት ሞት ማንሳቱ አስጠላቸውና ተዉት።

ጥበብ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ወረዳ ሲሄድ አብረው ሄዱ። ማንም አልጠየቃቸውም። ምናልባት መንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል ብለው ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ታክሲ ሰልፍ አወሩ።

«የሕፃኑ ስም?» አለች ሠራተኛዋ።

«ያቤፅ።»

«የአባት?»

«ጥበብ።»

«የአያት?»

«ዘርኡ።»

ጥበብ ወረቀቱን ተቀብሎ ለአቶ ክፍሌ ሰጣቸው። «እርስዎ ያውቁበታል ጋሼ፣ ስህተት እንዳለው ይዩልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ትክክል ነው» አሉና መለሱለት።